የአባቴ ሰዓትና ሠላሳ አንደኛዋ ቀን

ስታዲየም አካባቢ፣ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር የሚሠራው ሰዓት ሠሪ የአባቴን የእጅ ሰዓት ይዞ መሙያዋን ሲያዞር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁና፣ ከሞተ ብዙ ዓመት የሆነው አባቴ አጠገቤ የተቀመጠ መሰለኝ። ሰዓቷ ቀን ስትቀይር የምታሰማው ድምፅ ነው።

አባቴ ካዛንቺስ ልብስ ሰፊ ነበር። ያቺ ሰዓት ከእጁ አትለይም፤ ግን የተሠራችው ለፈረንጅ ወር ስለሆነ፣ በትንሿ መስኮቷ ሠላሳ አንድን ሳታሳይ አንድ አትልም ነበር። የእኛ ወር ደግሞ ሠላሳ ላይ ያበቃል። ስለዚህ በበጋው ወራት፣ ወር ባለቀ ቁጥር አመሻሹ ላይ አንድ ቀን ገፋ ያደርጋትና ሠላሳ አንድ ላይ ያሳድራታል፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ በራሷ «ቀጭ» ብላ አንድ ትላለች። እኔም ያቺ ሠላሳ አንደኛ ቀን ጎረቤት የማያውቃት፣ እኛ ቤት ብቻ የምታድር እንግዳ ትመስለኝ ነበር።

ክረምት ሲገባ አባታችንን ማየት ያቅተን ነበር። ነሐሴ ሲጋመስ ለእንቁጣጣሽ የሚያሰፋው ሰው ሁሉ ስለሚጎርፍበት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እሱ መኪናውን ሲረግጥ ያመሽና፣ ከተኛን በኋላ ገብቶ ሳንነሳ ይወጣ ነበር።

የጳጉሜ የመጨረሻ ቀን ግን ሱቁን በጊዜ ዘግቶ ይመጣና፣ እጁ ላይ የተጣበቀውን ክር ሳያራግፍ ሰዓቷን ፈትቶ በእኔና በወንድሜ መካከል ይቀመጣል። የሰዓቷ መስኮት ገና አምስት ቀን ያሳያል፤ በነጋታው መስከረም አንድ ነው። ስለዚህ እስከ ሠላሳ አንድ ድረስ በተራ በተራ እናዞራታለን፣ አንዷን ቀን ለማሳለፍ ሰዓት ቆጣሪው ሁለቴ መዞር ስላለበት ጣታችን ይቀላል፣ እሱ ደግሞ በክረምቱ ያመለጠውን ሁሉ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ጥርስ እንደወለቀ ሳይቀር እየጠየቀ ያስለፈልፈናል።

«የሠራት ሰውዬ ጳጉሜን አልሰማም እንዴ?» እለዋለሁ።

«ሳይነግሩት ምን ያድርግ?» ይለኛል።

ሰዓት ሠሪው አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ ላይ አነሳና «እህቴ፣ ታጥባ ዘይት ከገባላት ትሠራለች። የቀኑ ጥርስ ግን አልቆ እየያዛት ነው፣ መለዋወጫም አይገኝላትም። ቀኑን አላቅቄ ቁጥሩን አንድ ቦታ ላቁመው፣ ወይስ እንዳለች ልተዋት?» አለኝ። እንዳለች ከተተወች መሄዷን ታቆማለች፤ ከተሠራች ደግሞ ያ ድምፅ አይኖርም። ጥርሱን የጨረስነው እኛ መሆናችንን ስነግረው ሳቀብኝ። «ያን ሁሉ ማዞር ለምን? ይዩት!» ብሎ ቆጣሪውን ወደ ስምንት መለስ፣ ከአሥራ ሁለት አለፍ ሲያደርገው «ቀጭ» አለች። ደገመው፤ አሁንም «ቀጭ»። ያ ሁሉ ድካማችን ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ነገር ነበር ማለት ነው። አባቴ ይህን ሳያውቅ በመሞቱ አንጀቴን በላኝ፣ ሳልወስንም ሰዓቷን ይዤ ወጣሁ።

የካዛንቺሱ ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ እናቴ የምትኖረው ቡልጋሪያ ሰፈር፣ እኔ ጋ ነው። ስነግራት ገርሟት አየችኝ።

«አያውቅም አልሽ? በየወሩ እንዴት የሚያደርጋት መሰለሽ? እንደዚያው ነው እኮ! የጳጉሜዋን ግን ሆን ብሎ ነው። ‹ቶሎ ካለቀች ልጆቹ ችቧቸውን ይዘው ይሮጡብኛል› ይለኝ ነበር።»

በማግስቱ ተመልሼ ሄጄ፣ ሰዓት ሠሪውን ይሥራት አልኩት።

«ቁጥሩን የት ላይ ላቁመው?»

«ሠላሳ አንድ ላይ።»

«ኧረ እህቴ፣ በእኛ ሠላሳ አንድ የለም እኮ!»

«እኛ ቤት ነበር» አልኩት።

አሁን ሰዓቷ ልክ ትሄዳለች፣ እጄ ላይ ናት። ልጆቼ ስልካቸው የእኛንም የፈረንጁንም ቀን ሳይነኩት ስለሚቀይርላቸው፣ ጳጉሜ ስታልቅ ማንም የሚያዞረው ነገር የለም፤ እኔም ከሥራ ገብቼ እራት እስኪቀርብ በየክፍላቸው በር ላይ ቆም እያልኩ፣ አጠገባቸው ረጅም ጊዜ ለመቀመጥ ምን ብዬ እንደምጠይቃቸው አስባለሁ።