ጀርባው ቀይ የአልጋ ልብስ

የአዋሳ ገበያ ልብስ ሰፊዎች ከመቀሳቸው የሚወድቀውን ብጣሽ ጠርገው ከመጣላቸው በፊት ታቢታ ትደርሳለች። ትንሿን ልጇን አዝላ፣ ብጣሹን በከረጢት ሞልታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። አጥባ፣ በፀሐይ አድርቃ፣ በየቀለሙ ከለየችው በኋላ እርስ በርሱ እየገጣጠመች ትሰፋዋለች። ከሥሩ ገበር ታነጥፍለትና በመካከሉ ባዘቶ ጥጥ ደልድላ ከዳር እስከ ዳር ትጠቅመዋለች። ከዚያ ሁሉ እራፊ ወፍራም፣ ባለ ብዙ ቀለም የአልጋ ልብስ ይወጣል።

ሙያውን የተማረችው በልጅነቷ፣ ሚሲዮን ግቢ ውስጥ በነበረ የስፌት ክፍል ነው። ሚሲዮኖቹ አገር ለቀው ሲሄዱ በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪና ለእሷ ትተውላት ሄዱ። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ "ድሪቶ ሰፊዋ" እያለ ያሾፍባት ነበር። የሐምሌ ብርድ መጥቶ ከየሱቁ ብርድ ልብስ ሲጠፋ ግን ያሾፉባት ሁሉ አንድ በአንድ በሯን ማንኳኳት ጀመሩ።

ባሏ ታምሩ የመንግሥት እርሻ ሾፌር ነበር። በ1977 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ በድርቅ የተጎዳውን ሕዝብ ወደ ሰፈራ ጣቢያ እንዲያጓጉዝ ታዘዘና የጭነት መኪናውን ይዞ ወደ ወሎ ሄደ። መቼ እንደሚመለስ የነገረው የለም። ሲሰናበታት "ቶሎ ይለቁኛል" አላት። እሷም እንዳመነች ሰው ራሷን ነቀነቀች። ደመወዙም አንዳንዴ ይደርሳል፣ አንዳንዴ መንገድ ላይ ይቀራል። ታቢታ ከዚያ ወዲህ ልጆቿን የምታበላው በመርፌዋ ሆነ።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። መኪናውም፣ ምድጃውም፣ አልጋውም፣ ልጆቹም እዚያው ናቸው። ሕፃኗ ጽጌሬዳ ገና መዳህ መጀመሯ ስለነበር ከፔዳሉ እንዳትጠጋ ታቢታ ወገቧን በነጠላ ቁራጭ አስራ ከአልጋው እግር ጋር ታያይዛታለች። ወንድሟ ሙሴ ተሰፍቶ ያለቀውን ሁሉ ድንኳን እያደረገ ከሥሩ ይገባና እዚያው ይሸናል። ያን ጊዜ ሥራው ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ጥጡ እንደ አዲስ ይባዘታል። ወጡ ውስጥ ጥጥ ይገባል። ሕፃኗ ጥጡን እየሳበች ታስላለች። ታቢታ ማሰሪያውን ፈትታ ስታቅፋት ስፌቱ ይቆማል፤ ስፌቱን ስትቀጥል ልጅቷ ታለቅሳለች። አንደኛ ክፍል የገባችው የመጀመሪያ ልጇ ወንጌላዊት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ብቻ ትንሽ እፎይ ይላታል።

ጎረቤቷ እትዬ ሸዋዬ ከመንዝ የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። በር ላይ ቆመው ይመለከቱና "አንቺ ልጅ፣ ወይ እናት ሁኚ ወይ ሰፊ ሁኚ" ይሏታል።

"ሰፊ ካልሆንኩ እናት መሆን የት አባቴ እችላለሁ እትዬ?"

"እሱስ እውነትሽን ነው" ይሉና ጽጌሬዳን ፈትተው ይዘው ይሄዳሉ።

በዚያው በኅዳር መጨረሻ የቀበሌው ሊቀ መንበር የገብረየስ ሚስት ጥሩወርቅ መጣች። አንድ ጥቅል ቀይ ጨርቅ ታቅፋ ነበር። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር በየመንገዱ የተሰቀለ መፈክር ነው፤ ዝናብ መትቶት ከወረደ በኋላ ቀበሌው ግቢ ውስጥ ተከምሮ ነበር።

"አይጥ ከሚበላው ለገበር ይሁነኝ ብዬ አመጣሁት" አለች። "ላዩን እንደ ልማድሽ አሳምሪው።"

"ፊደል አለበት እኮ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።"

"ፊደል ያለበትን ቆርጠሽ ጣይው። ደግሞ ማን ገልብጦ ያየዋል?"

ታቢታ ጨርቁን ዘርግታ ፊደል ያለበትን ቆርጣ ጣለች። ወንጌላዊት ከትምህርት ቤት ስትመጣ የተጣለውን አገኘችው። ደብተሯን ወርውራ መሬት ላይ ተንበረከከች።

"እማዬ፣ ይሄ የኔ 'ወ' ነው!"

መፈክሩ ወደፊት የሚል ነበር። ልጅቷ "ወደ" ያለበትን ቁራጭ በአንድ እጇ፣ "ት" ያለበትን በሌላው ይዛ ቤቱን ዞረችው። ስሟ በ"ወ" ይጀምራል፤ በ"ት" ያልቃል። መምህሯ በዚያ ሳምንት ስሟን መጻፍ አስተምራት ነበርና በእንጨትም በጣትም የምትጽፈው እሱኑ ነው። ከዚያ ገበሩ ላይ፣ ከታች ከጥጉ፣ ሁለቱን ቁራጮች አጎራብታ አስቀመጠቻቸው።

"እዚህ ጋ ስፊያቸው እማዬ። እኔ እንደሠራሁት ይታወቅ።"

ታቢታ አየች። አሁን "አይሆንም፣ አንሺ" ማለት ትችል ነበር። ግን ጽጌሬዳ እያለቀሰች ነበር፤ ሙሴ መርፌ ረግጦ እግሩን ይዞ ይነጫነጫል። ወንጌላዊትን ደግሞ አባቷ ከሄደ ጀምሮ እንዲያ ስትስቅ አይታት አታውቅም። "ከፍራሹ ጋር የሚተኛ ጀርባ ነው" አለች በልቧ፤ ቁራጮቹን በመኪናው መርፌ ሥር አሳለፈቻቸው። ልጅቷ ፔዳሉን አብራት ረገጠች።

ጥሩወርቅ የአልጋ ልብሱን ስትቀበል ደስ ብሏት ታቢታን ግራና ቀኝ ሳመቻት።

የገና በዓል ከመድረሱ በፊት ግን ከአውራጃው የመጣ የፓርቲ ካድሬ በሊቀ መንበሩ ቤት አደረ። የክብር እንግዳ ነውና አዲሱን የአልጋ ልብስ አለበሱት። ሰውየው ጠዋት ሲነሳ ልብሱ ተገልብጦ ነበር። ቀዩን ጨርቅ አየ፤ ፊደሎቹን አነበበ፤ ማን እንደሰፋውም ጠየቀ።

ታቢታን የወሰዷት በቀትር፣ ሽሮ ምድጃ ላይ እንደጣደች ነው። የአብዮት ጥበቃዎቹ አንደኛው እሳቱን በእግሩ አጠፋላት። ሌሎቹ የስፌት መኪናውን ተሸክመው ወጡ። ወንጌላዊት ሕፃኗን አቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አላለቀሰችም፤ የሚወጣውን መኪና ብቻ በዓይኗ ተከተለችው።

"እትዬ ሸዋዬ ጋ ሂዱ" አለቻት ታቢታ። "እመጣለሁ።"

ካድሬው በማግስቱ የአልጋ ልብሱን ቀበሌው ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ ዘርግቶት ጠበቃት። ገብረየስ ከአጠገቡ ተቀምጧል፤ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል።

"ይህን አንብቢልኝ" አለ ካድሬው።

"ጌታዬ፣ ጨርቅ ነው እንጂ ..."

"ጌታዬ የለም እዚህ። የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬት አለሽ፤ አንብቢ።"

"ወ ... ደ ... ት።"

"ወዴት! መፈክሩ ወደፊት ነበር። 'ፊ'ን ቆርጠሽ ጣልሽና አብዮቱን ወዴት ብለሽ ጠየቅሽው። አደራረጉን ማን አስተማረሽ፣ ሚሲዮኖቹ?"

  ታቢታ ልጄ ናት ብትል ልጅቷን ያመጧታል፤ ምናልባትም ማን አስተማረሽ ብለው ይጠይቋታል። "ዝም ብዬ ቀጣጠልኩት" አለች።

"ጨርቁንስ ከየት አመጣሽው? የመንግሥት ንብረት ነው።"

ገብረየስ አንገቱን ደፋ። ጠዋት ወደታሰረችበት ክፍል መጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ታቢታ፣ እኔም ልጆች አሉኝ። የአንቺም ልጆች ያሉት ቀበሌ ቤት ውስጥ ነው" ብሏት ነበር። ማስፈራራቱ ይሁን ልመናው አልለየላትም።

"ከቆሻሻ ላይ አነሳሁት" አለች።

ታቢታ፣ ጥሩወርቅ መጥታ "እኔ ነኝ የሰጠኋት" ትላለች ብላ ጠበቀች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች። ጥሩወርቅ አልመጣችም። አንድ ቀን ብቻ በመስኮቱ ሽንቁር በግቢው ስታልፍ አየቻት፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ፈጠን ፈጠን ትል ነበር።

እትዬ ሸዋዬ በየቀኑ ጽጌሬዳን አዝለው እየመጡ ጠባቂውን ይለምኑታል። ደግ ልጅ ነበርና ሕፃኗን ያስገባላቸው ነበር፤ ታቢታም ታጠባታለች። ጠባቂው ተቀየረ። አዲሱ እትዬ ሸዋዬን ከበር መለሳቸው። ታቢታ ጡቷ አብጦ፣ ልብሷ ረጥቦ፣ ግድግዳ ተደግፋ የልጇን ልቅሶ ከውጭ ሰማች። ትኩሳት ያዛት። ትኩሳቱ ሲለቃት ወተቱም አብሮ ሄደ።

የለቀቋት ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። "በሥራ ትታረም" ተብሎ ተፈረደባት፤ የቀበሌው የልብስ ስፌት ማኅበር አባል ሆና የእህል ጆንያ እንድትሰፋ። መኪናዋም የማኅበሩ ንብረት ሆነ። አዳራሹ ውስጥ ሌላ ሴት ተቀምጣበታለች። ታቢታ በወፍራም መርፌ በእጇ ትሰፋለች፤ ልጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው።

ቤት ስትደርስ ጽጌሬዳ አላወቀቻትም። እጇን ስትዘረጋላት ወደ እትዬ ሸዋዬ ጀርባ ዞረች። እግሮቿ ቀጥነዋል፤ መዳህም ትታለች።

"አጥሚትም፣ የላም ወተትም ሞከርኩላት" አሉ ሸዋዬ፣ እንደጥፋተኛ መሬት መሬት እያዩ። "እግዜር ምስክሬ ነው፣ የኔ ልጅ።"

"ምን ይበሉ እትዬ። እርስዎ ባይኖሩ አንዳቸውንም አላገኝም ነበር።"

ሸዋዬም ከዚያ ወዲህ ጤና አላገኙም። ወባ ደጋግሞ ጣላቸውና ዘመድ መጥቶ ወደ አገራቸው ወሰዳቸው።

ወንጌላዊትን መምህሯ ለእናቷ ከሰሰቻት። ጎበዝ የነበረችው ልጅ እርሳስ አልይዝ አለች፤ ፈተና ሲሰጣት ስም የሚጻፍበትን ባዶ ትተዋለች። ታቢታ ከጎኗ አስቀመጠቻት።

"ስምሽን ለምን አትጽፊም፣ የኔ እመቤት?"

"ያስሩናል።"

"ማነው እንዲህ ያለሽ? የታሰርኩት በሌላ ነገር ነው።"

"አይደለም" አለች ልጅቷ። "እኔ ነኝ ስፊው ያልኩሽ። እትዬ ሸዋዬም ዝም በይ ብለውኛል።"

ታቢታ ብዙ የማባበያ ቃል አወረደች። አንዱም ልጅቷ ጋ አልደረሰም። በዚያ ላይ ሙሴንና ጽጌሬዳን የሚይዝ ሰው ስላልነበረ፣ ከፋሲካ በኋላ ወንጌላዊት ትምህርቷን ተወች። ለጊዜው ነው ተባለ። መምህሯም ሁለተኛ አልጠየቀች።

ታምሩ ሰኔ ላይ መጣ። ከስቶ፣ ጢሙን አሳድጎ፣ ገና ሳይቀመጥ ቤቱን በዓይኑ ዞረው።

"መኪናውስ?"

ነገረችው። ሁሉንም ነገረችው፤ የወንጌላዊትን ብቻ አልነገረችውም። ተነስቶ ገብረየስን ሊያንቅ የሚሄድ መስሏት በሩ ላይ ቆመች። እሱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

"እኔ እኮ ሰው ነው የምጭነው ታቢታ" አለ። "እናትየዋ አንድ መኪና ላይ፣ ልጅየው ሌላ መኪና ላይ ሆነው ይጮሃሉ። ቁም ሲሉኝ አልቆምም። አሁን ማንን ሄጄ ልክሰስ?"

"ቢያንስ እዚህ ቅር። አሞኛል በላቸው።"

"ካልተመለስኩ የሚመጡት ወደናንተ ነው።"

ልጆቹን አንድ በአንድ ሳመ፤ ጽጌሬዳን ረዘም አድርጎ አቀፋት። ፈቃዱ ሲያልቅ ተመልሶ ሄደ።

ክረምቱ ከበደ። አንድ ከሰዓት በኋላ ማኅበሩ ጆንያ አልቆበት ሠራተኞቹ ቶሎ ተለቀቁና ታቢታ ቤቷ ስትደርስ በሩ በሽቦ ታስሯል፤ ልጆቹ የሉም። ሰፈሩን በሩጫ ዞረች። አንዲት ሴት ወደ ሐይቁ ሲሄዱ ማየቷን ነገረቻት። ውሃው፣ ሕፃኗ፣ ሙሴ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዓይኗ ላይ መጡ። ጫማዋን በእጇ ይዛ በጭቃው ሐይቁ ዳር እስካለው አሞራ ገደል ሮጠች።

ልጆቹ ደኅና ነበሩ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ከሚያጸዱበት ቦታ ራቅ ብለው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች በረጃጅም እግሮቻቸው ከሚዞሩበት መሀል ተቀምጠዋል። ወንጌላዊት ጽጌሬዳን አዝላ፣ የተጣለ የዓሣ ጭንቅላት እየለቀመች በጨርቅ ላይ ትደረድራለች። ሙሴ በእንጨት ወፎቹን ያባርርላታል። አንድ አስጋሪ "አንቺ ትንሿ፣ ዛሬም መጣሽ?" አላት፤ እሷም እንደ ትልቅ ሴት፣ ቀና ሳትል፣ "ምን ላድርግ ብለህ" ብላ መለሰችለት።

ታቢታ ልትቆጣ ተጠጋቻት። የልጅቷ እጅ በዓሣ አጥንት ተቧጭሯል፤ ጀርባዋ በሕፃኗ ክብደት ጎብጧል።

"ርቦሽ ነው?" አለቻት።

"እኔን አይደለም። እነሱን።"

ታቢታ ጭቃው ላይ ተንበረከከች፤ ከወፎቹ ፊት ቀድማ ለመድረስ እየተሽቀዳደመች ከልጆቿ ጋር መልቀም ጀመረች። ዝናቡ እንደገና መጣ።