«አይሰማም» ሲሉኝ እሰማ ነበር

ጌታ ይባረክ ቅዱሳን! ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ዛሬ ከዚህ ቤት አልወጣም፤ ትንሽ ታገሱኝ።

እዚሁ ሮቤ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ። የንቃተ ህሊና ደረጃዎችን ሳስተምር ሰሌዳው ላይ መሰላል እሥል ነበር፤ ከላይ ሙሉ ንቃት፣ ከታች ኮማ። «እዚህ ታች የሚሰማም የሚጸልይም የለም» እል ነበር። እምነትንም የአእምሮ ሥራ ነው ብዬ ነበር የማልፈው።

ባለፈው ክረምት ከጎባ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ በጉም ውስጥ ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። ጭንቅላቴን ተመትቼ ራሴን ሳትኩ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ሆስፒታል ተኝቼ፣ መስማት ጀመርኩ። ዓይኔን ልገልጥ ስል እምቢ! ጣቴን ላንቀሳቅስ ስል እምቢ! ሐኪሙ ለባለቤቴ ለሰናይት ሲነግራት ሰማሁት። «እህቴ፣ የምንችለውን ሁሉ እያደረግን ነው። ግን አይሰማም፣ ለምንም ነገር ምላሽ እየሰጠ አይደለም። ላይነቃ ይችላል፤ ልብሽን አዘጋጂ» አላት። ሰናይት ጮኸች። «አለሁ! እሰማሻለሁ!» አልኩ፤ ድምፅ ግን አልወጣኝም። ወገኖቼ፣ ሰው በቁሙ በገዛ ሰውነቱ ውስጥ ሲቀበር አስቡት!

አከራያችን አዴ ጫልቱ መጡ፤ ያው እዚያ ተቀምጠዋል። እጄን ይዘው «ያ ጎፍታ! ያ ጎፍታ!»፣ «ጌታ ሆይ!» ማለታቸው ነው፣ እያሉ በኦሮምኛ ጸለዩ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፦ «ልጄ፣ እኛ ያለህበት ባንደርስም ጌታ ይደርሳል። አንተው ጥራው» አሉኝ።

ሰናይት እያለቀሰች «እማማ፣ አይሰማም እኮ ብለውኛል» አለቻቸው።

«እሱ ባይሰማ ጌታ ይሰማል» አሉ።

ጸሎት አላውቅም ነበር። በልቤ ብቻ «ኢየሱስ ሆይ፣ ካለህ እዚህ ነኝ፣ ድረስልኝ» አልኩ። ክብር ለስሙ ይሁን! ያ ሁሉ ፍርሃት ለቀቀኝ። ብቻዬን እንዳልሆንኩ አወቅኩ። እንዴት አወቅህ ብትሉኝ ማስረዳት አልችልም፤ አወቅኩ! አካሌ ሳይፈታ ውስጤ ተፈታ!

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሰናይት እጄን ስትይዘኝ ጨበጥኳት። ጩኸቷን ሰምቶ ሐኪሙ ሮጦ መጣ።

«ከሰማኸኝ ጨብጣት» አለኝ። ጨበጥኩ።

«እስቲ ድገመው!» ደገምኩት። ሃሌሉያ!

«እውነቴን ነው፣ ይሄን አልጠበቅኩም» አለ።

አንደበቴ ሲፈታ ሐኪሙ ለሰናይት የተናገረውን ቃል በቃል መልሼ ነገርኩት። እሱም «ከእንግዲህ በሽተኛ አጠገብ ስናገር ቃሌን እመርጣለሁ» አለኝ። እኔም እንደ ሕፃን ግድግዳ ይዤ መራመድ ጀመርኩ፤ ዛሬ ይኸው በእግሬ ቆሜያለሁ። ሰናይትም ጌታን ተቀበለች፤ ባለፈው እሁድ አብረን ተጠመቅን! አሜን በሉ እንጂ!

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ማንም የማያይላችሁ ጨለማ ውስጥ ካላችሁ ጌታን ጥሩት። ንግግር አሳምሩ አልላችሁም፤ በልባችሁ ብቻ ጥሩት። እኔን ሰምቶኛል፣ እናንተንም ይሰማል። ክብር ሁሉ ለእርሱ!