የእናቴ አምባር

ሰብዌዩ ቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ ሊገባ ፍሬን ሲይዝ ከሐዲዱ የሚወጣ ወፍራም፣ የተጎተተ ድምፅ አለ፤ እሱን በሰማሁ ቁጥር እህቴ ሰናይት ከደረቷ ስባ ታወጣት የነበረችው ያቺ አንዲት ቃል ትመጣብኛለች። ሰናይት በሦስት ዓመቷ ማጅራት ገትር ታማ ዓይኗንም ጆሮዋንም አጣች፤ በስፖንሰር ቶሮንቶ ስንገባ እሷ አሥራ አንድ፣ እኔ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር።

በመጀመሪያው መኸር ክሬሰንት ታውን አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ያለው ቤታችን አንዲት አስተማሪ እየመጣች ታስተምራት ነበር። ለእያንዳንዳችን በመዳሰስ የሚታወቅ ስም አወጣችልን፤ የአባቴ ጢሙ፣ የእኔ የጆሮዬ ጫፍ፣ የእናቴ ደግሞ የብር አምባሯ ሆነ። ወደ ሰናይት የሚጠጋ ሁሉ መጀመሪያ እጇን ይዞ ስሙን ማስዳሰስ ነበረበት። ከዚያ አስተማሪዋ የሰናይትን አውራ ጣት እናቴ ከንፈር ላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች ጉሮሮዋ ላይ ታኖርና እናቴ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ «እማ፣ እማ» ስትል ትውል ነበር፤ ሰናይትም የእናቴን ንዝረት በገዛ ጉሮሮዋ ትፈልገው ነበር። የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ሰሞን አገኘችው፤ እናቴ እንደዚያ ቀን ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።

ብርዱ ሲበረታ እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ሥራ ጀመረች፤ እዚያ ጌጥ ስለማይፈቀድ አምባሯን መታጠቢያ ቤት አውልቃ ከሰዓት በኋላ ትሄድ ነበር። አባቴ የሌሊት ታክሲ ነድቶ ስለሚተኛ ሰናይት የምትቀረው ለእኔ ነበር፤ እሷም እናቴን ስታጣ እስኪደክማት ወለሉን በተረከዟ ትደበድብ ነበር። እኔ ካርቱን ማየት አምሮኝ ነበር፤ ሐቁ ይኸው ነው። አንድ ቀን አምባሩን አጥልቄ እጄን ሰጠኋት፤ ወዲያው ጸጥ አለች፣ እኔም ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። እሷ ግን አውራ ጣቷን ከንፈሬ ላይ አኑራ «እማ» አለች። ደግማ ጠራችና ጠበቀች። እንዳታለቅስብኝ ፈርቼ፣ ድምፄን አወፍሬ «አቤት» አልኳት። ጣቶቿ ጉሮሮዬ ላይ ደረቁ። ቀስ ብላ አምባሩን ዳሰሰች፣ የጆሮዬን ጫፍ ዳሰሰች፣ እጇንም ወሰደች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ማታ እናቴ መጥታ አምባሯን ስታስዳስሳት ሰናይት እጇን ነጠቀቻት። ቃሏም ጠፋች፤ በረዶው ቀልጦ ዛፎቹ ሲያቆጠቁጡም አልተመለሰችም። እናቴ ሐኪም ቤት አመላለሰቻት፤ ቸርችም ጸሎት አስያዘች፣ እኔም ከሰው ጋር አሜን እል ነበር።

«ሚሚዬ፣ እኔ ሳልኖር የሆነችው ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ናቲንግ ሃፕንድ፣ ማም» አልኳት። መዋሸት በእንግሊዝኛ ይቀለኝ ነበር።

ሙቀቱ ሲገባ ቃሏ ተመለሰች፤ አምባሩን ግን ከዚያ ወዲያ አላመነችውም፣ የእናቴን ጉሮሮ ይዛ ድምፅዋን ካልዳሰሰች እናቴ መሆኗን አትቀበልም ነበር። እናቴም ልጄ አንድ ጊዜ ረስታኝ ነበር እያለች ኖረች።

እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። የዚያን ቀን የሰናይትን እጅ ይዤ የእናቴ ጉሮሮ ላይ አኖርኩት፤ «እማ» ብላ ብዙ ጠበቀች፣ ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ከአፏ አልሰማሁም። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል፤ የእኔ ግን አልቀለለኝም፤ ከላዬ የምታወርድልኝ እናቴ እውነቱን ሳትሰማ ሄደች።

አሁን ሰናይት ሪጀንት ፓርክ ከረዳቷ ጋር ትኖራለች፤ መዳፌ ላይ እየጻፈች ስለ ውፍረቴ ትተርበኛለች። አምባሩ እናቴ ካረፈች ወዲህ ከመሳቢያዬ ወጥቶ አያውቅም። ያኔ አጥልቄው «አቤት» ብያት ነበር፤ አሁን እሑድ እሑድ ባዶ እጄን ሰጥቻት «እኔ ነኝ» እላታለሁ። እሷ ግን ጆሮዬን ከመንካቷ በፊት ክንዴን ከአንጓዬ እስከ ክርኔ ትዳስሰዋለች። ባዶ መሆኑን ልታረጋግጥ ይሁን አምባሩን ፈልጋ፣ እስካሁን ልጠይቃት አልደፈርኩም።