ከቃጫ የተሠራው ረጅም ሣር

የመስዑድ ዘመዶች ሁሉ ታንኳ ሠሪዎች ናቸው። እሱ ግን እጁ ለጣውላና ለቀለም አደላና ባሕር ዳር ውስጥ ሰሌዳ ጻፊ ሆነ። በ1976 የክረምቱ ማብቂያ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ክንዱ አስጠርቶ፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል የሐይቁን ዳርቻ ሞዴል እንዲሠራ አዘዘው። የሰጠው ጣውላና ትንሽ ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነበር። ሣሩስ በምን ይሠራ? እሱን አላህ ይወቅ፤ ሊቀመንበሩን ደፍሮ የሚጠይቅ የለም።

መጀመሪያ እውነተኛ ሣር ሰካበት። በማግስቱ ጠውልጎ ቢጫ ሆነ። በዚያ የድርቅ ዓመት ቢጫ ዳርቻ ለእንግዳ ማሳየት በገዛ እጅ እስር ቤት መግባት ነውና ነቅሎ ጣለው። ከዚያ ያረጀ ገመድ ፈትቶ ቃጫውን አበጠረና ሚስቱ ራሂማ ለስፌት ባስቀመጠችው አረንጓዴ ቀለም ቀቀለው። ጣውላውን በወስፌ እየበሳ፣ ትንሽ ትንሹን የግራር ሙጫ እያስነካ ተከለው። ጫፉን እኩል አልቆረጠውም፤ የጣና ነፋስ እንደሚያደርገው ወደ አንድ ወገን አዘነበለው። ሲያልቅ ቁርጥ ታንኳ የሚሠራበትን የሐይቁን ደንገል መሰለ። መስዑድ ደስ አለው፤ ደስታው ግን አላደረም።

«ይኸ ክፍተት ምንድን ነው?» አለች ራሂማ። ፊቷ አመድ መስሏል።

መስዑድ አየው። ታንኳ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ደንገሉን ሰንጥቆ የራሱን መግቢያ ያበጃል። የመስዑድም እጅ ሳያስበው የነሱን መግቢያ በቦታው አስቀምጦታል። በዚያ መግቢያ ውስጥ ደግሞ ለውትድርና አፈሳ ከተጀመረ ወዲህ ታናሽ ወንድሙ ቡርሀን ከነታንኳው ተደብቋል። በቀረችው ቃጫ ክፍተቱን ደፈነው። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር አልወሰደውም።

ጧት ሞዴሉን ከራሂማ ጋር ተሸክመው ቀበሌ አደረሱት። ክንዱ እየዞረ ተመለከተው።

«እውነተኛውን ነው የሚመስል» አለ። መስዑድ ገና እፎይ ሳይል፣ «ብቻ ረዘመ። ይኸን ያህል ሣር ሰው ይደብቃል። እንግዶቹም ሐይቁን ማየት አለባቸው። በል አሁን እፊቴ አሳጥረው። ዳርቻውንም በዚሁ ልክ ዛሬውኑ እናስጨደዋለን፤ ሰዎቹ ማጭድ ይዘው፣ ልኩን አይተው ሊሄዱ ውጭ እየጠበቁ ነው» አለ።

ራሂማ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች።

«እኔ ልሂድ፤ ድስት ጥጀ ነው የመጣሁ» አለች።

ቤታቸው ከነጋ እሳት አልተለኮሰም።

መስዑድ መቀሱን ያዘና ከወዲያኛው ጫፍ አንዷን ቃጫ ቆረጠ። ቀጥሎ ሌላዋን።

«ምን ያንቀራፍፍሃል?»

«እንዳይነቀል ፈርቸ ነው፣ ጓድ። ሙጫው አልደረቀም።»

ሙጫው ድንጋይ ሆኗል። ራሂማ አሁን የት ደርሳ ይሆን? ወንድሙስ ታንኳውን ውኃ ላይ አውርዶ ይሆን? በልቡ ያለማቋረጥ ዱዓ ያደርጋል። ክንዱ አሥሬ ሰዓቱን ያያል። ውጭ ሰዎቹ ማጉረምረም ጀምረዋል። የደፈነው መግቢያ ብቻ ቀርቶታል፤ እሱንም አንድ አንድ እያለ ጀመረው።

ራሂማ በሩ ላይ ብቅ አለች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል።

«ድስቱ ሳያር ደረስሁበት» አለች።

መስዑድ የቀረውን ሣር በአንድ ጊዜ ጨብጦ ቆረጠው።