አለቃዬ ለኢሜይል ሽማግሌ ላኩ

አለቃዬ ሐጂ ሸምሱ "ኢሜይል አልመለሰልንም፣ አኩርፎናል" ብለው ወደ መርካቶው በርበሬ ደንበኛችን ከቡታጅራ ሽማግሌ ላኩ። አልቀለድኩም!

ዛሬ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ደወሉ፦ "ሰውዬው ምንም አልደረሰኝም ይላል።"

የቢሯችንን አይፒ አድራሻ፣ ማለትም የኢንተርኔት መለያ ቁጥራችንን፣ ፈተሽኩ። የስፓም፣ ማለትም ያልተፈለገ ኢሜይል፣ ላኪዎች ጥቁር መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ የምንልከው ሁሉ መንገድ ላይ ይታገዳል! ለካ አንዱ ኮምፒውተራችን ቫይረስ ገብቶበት ለማያውቀን ሰው ሁሉ ማስታወቂያ ሲበትን ከርሟል።

"ለመዝጋቢዎቹም ሽማግሌ እንላክ?" አሉ ሐጂ።

"መጀመሪያ ጥፋተኛው ኮምፒውተር ይጽዳ። ሳይጸዳ ቢያወጡንም መልሰው ያስገቡናል" አልኳቸው።

"ያማ የኛው የእርቅ ሥርዓት ነው!"

አጸዳሁት፣ "አውጡን" ብዬ አመለከትኩ፣ ከሰዓት በኋላ ወጣን። ኢሜይሉን ደግመን ላክን።

መልሱ ወዲያው መጣ፦ "ሐጂ፣ ሽማግሌዎችዎ ቀደሙኝ እንጂ እኔም ዘጉኝ ብዬ ሽማግሌ እየፈለግኩ ነበር።"

እናንተስ በኢንተርኔት ጥፋት ማንን ተቀይማችኋል?