ነኢማና ግራጫው አቧራ

እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ፣ ከሁለት የጨርቅ ሱቆች ቀጥሎ ነኢማ ሙሐመድሰዒድ ጌም ቤት አላት። ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሦስት የጌም ማሽን፣ ስድስት ጆይስቲክ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበርና ጥቂት በርጩማዎች አሏት። በየጆይስቲኩ ጀርባ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ተጽፏል። ማሽኖቹ ሦስቱም ከሌላ ሰው እጅ የተገዙ ያገለገሉ ናቸው፤ ሲበላሹ ራሷ ከፍታ ትጠግናቸዋለች።

ነኢማ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ያደገችው ዳንግላ ነው፤ አባቷ እዚያ ጨርቅ ይነግዳሉ። ኤሌክትሮኒክስ የተማረችው እንጅባራ ሲሆን ትምህርቷን ጨርሳ ዳንግላ ውስጥ ሞባይል ትጠግን ነበር። አንድ ቀን ደንበኛዋ ከስልኩ ጋር በፌስታል የተጠቀለለ የማይሠራ ጆይስቲክ አመጣላት። ከፈተችው። ሞባይል ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ እዚህ ግን የሚሽከረከር፣ የሚንሸራተት፣ ሲለቁት ወደ ቦታው የሚመለስ ነገር አገኘች። በዚያ ሳምንት ስልኮቹ ወረፋ ጠበቁ። የባጃጅ ሹፌሩን ሀቢብን አግብታ ወደ እንጅባራ ስትመለስ የከፈተችው የሞባይል ሱቅ ሳይሆን ጌም ቤት ሆነ።

ያስገረማትን ነገር እኛም ብናየው ጥሩ ነው፤ ስለዚህ አንድ ጆይስቲክ አብረን እንክፈት። አውራ ጣት የምታርፍበት ዱላ ሥር ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። አንዱ ዱላው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ምን ያህል እንደዘነበለ፣ ሌላው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ምን ያህል እንደሄደ ይለካል። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ካርቦን የተቀባ ቀጭን መንገድ አለ፤ በመንገዱ ላይ ትንሽ የብረት ምላስ ትንሸራተታለች። ምላሷ የቆመችበት ቦታ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያልፍ ይወስናል። ማሽኑም ያንን አይቶ ተጫዋቹን ያስኬደዋል። መንገዱ ከተበላ ወይም አቧራ ከገባበት ዱላው መሃል ላይ ቆሞ ሳለ እንኳ የዘነበለ ይመስለዋል። ማንም ሳይነካው ስክሪኑ ላይ ያለው የእግር ኳስ ተከላካይ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ራሱ ጎል ይሄዳል። ተጫዋቾች «ይስባል» የሚሉት ይህንን ነው።

ቤቱ ተቀምጦ ብቻውን ለሚጫወት ሰው የሚስብ ጆይስቲክ ማናደዱ ብቻ ነው ጉዳቱ። በጌም ቤት ግን ደንብ አለ፤ የሁለቱንም የጨዋታ ሂሳብ የሚከፍለው የተሸነፈው ነው። ስለዚህ ጆይስቲክ በሳበ ቁጥር ክርክር ይነሳል። አንዱ በጆይስቲኩ ነው የተሸነፍኩት ይላል፤ ሌላው፣ ጆይስቲኩ ባይስብም አንተ ኳስ አታገኝም ይለዋል። ዳኛዋ ነኢማ ናት። «ነኢማ ቤት የማንም ብር አይበላም» የሚለው ስም ለእሷ ከማሽኖቹ ይበልጥባት ነበር።

ዳኝነቱን ከሁሉ በላይ የሚያከብርላት ደግሞ ባንተአምላክ የሚባል የአዲስ ቅዳም ወጣት ነበር። ባንተአምላክ ከአባቱ ጋር ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ፣ ቆርጦና አክስሎ የሚሸጥ ሰው ነው። ረቡዕ ረቡዕ ከሰል ጭኖ እንጅባራ ይመጣል። ካራገፈ በኋላ ነኢማ ቤት ይገባል፤ ሁልጊዜ የሚይዘው ሁለት ቁጥርን ነበር። ከጨዋታ በኋላም ቶሎ አይሄድም። ጨዋታው እንዴት ቢሻሻል ጥሩ እንደሆነ ሐሳብ ያወጣል፣ ነኢማም የራሷን ጨምራ ደብተር ላይ ትጽፋለች።

ከሐሳቦቹ አንዳንዶቹ ይገርማሉ። መብራት ሲጠፋ ሰባኛው ደቂቃ ላይ የደረሰ ጨዋታ ሙሉ በሙሉ መጥፋት የለበትም፤ ማሽኑ በየደቂቃው ውጤቱን ቢይዝ መብራት ሲመጣ ከዚያው ይቀጥላል። ይህ የነኢማ ነው። ከጨዋታ በፊት ማሽኑ ራሱ ሁለቱን ጆይስቲኮች ፈትሾ፣ ይሄኛው ወደ ግራ ይስባል ብሎ ለሁለቱም ተጫዋቾች ቢናገር ክርክር አይኖርም። ይህም የእሷ ነው። የባንተአምላክ ደግሞ ሜዳው ነው። ዝናብ ሲዘንብ ኳሷ ለምን እንደ ደረቅ ቀን ትንከባለላለች? የሐምሌ ጭቃ ላይ ተጫውቶ የሚያውቅ ሰው ኳሷ ውኃ በቋጠረው ቦታ ቀጥ ብላ እንደምትቆም፣ የሚሮጠውም ሰው አልፏት እንደሚሄድ ያውቃል። ጨዋታውን በአካባቢው ቋንቋ በአውኛ የሚያስተላልፍ ሰው ድምፅ እንዲገባበትም ይፈልግ ነበር፤ አንዳንዴ እየተጫወተ ራሱ በአውኛ ያስተላልፈዋል፣ የሚሰማው ሁሉ ይስቃል። ነኢማ ሐሳቦቹን በእንግሊዝኛ ጽፋ ለአንድ የጌም ሠሪ ድርጅት በኢሜይል ላከች። መልስ አልመጣም። እሷ ግን መልስ እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ ለመብራቱ ጉዳይ ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቀለች። በየአሥር ደቂቃው ውጤቱ ይጻፍበታል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የቀረውን ደቂቃ ብቻ ይጫወታሉ።

ችግሩ የመጣው ባለፈው ክረምት ነው። እንጅባራ በሐምሌ ጉም ወርዶ ቀኑን ሙሉ ሳይነሳ የሚውልበት ጊዜ አለ። ጣት ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ጎል አያገባም። ነኢማ መላ አገኘች፤ የከሰል ምድጃ አምጥታ ማሽኖቹ ከተቀመጡበት ጠረጴዛ ሥር አኖረች። ፍሙ ሲደክም ቅርብ ያለው ሰው በካርቶን ያራግበዋል። በርና መስኮቱ ይዘጋል። ቤቱ ሞቀ፣ ሰውም ሞላ። ሌሎቹ ጌም ቤቶች ባዶአቸውን ሲውሉ እሷ ጋ መቆሚያ ጠፋ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ማሽኖቹ እንደ ባጃጅ መጮኽ ጀመሩ፤ አንድ ሰዓት ሠርተውም ድርግም ይላሉ። ጆይስቲኮቹ ተራ በተራ መሳብ ያዙ። ራሴን አመመኝ የሚል ሰውም በዛ፤ ብዙ ስክሪን ከማየት ነው ተባለ። ነኢማ አራት ቁጥርን ስትከፍት ከዱላው ሥር አቧራ ረገፈ። አቧራ፣ ካርቦን፣ ከሰል፤ ሦስቱ ቃላት ጭንቅላቷ ውስጥ ቶሎ ተገጣጠሙ። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተና ባንተአምላክ ከነጥቁር እጁ ገባ። ረቡዕ ነበር።

አሥር የሚሆን ሰው ተቀምጧል። ነኢማ የተከፈተውን ጆይስቲክ ከፍ አድርጋ አሳየችው።

«ባንቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ጆይስቲክ እንዳትነካ» አለችው። «ዕቃዬን የጨረሰው ያንተ ከሰል ነው።»

ባንተአምላክ እጁን አየ። «ታጥቤ ነው የመጣሁት» አለ። «ጥፍር ውስጥ የቀረው አይለቅም እንጂ።»

አበረ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ከአግዳሚው ላይ ሆኖ «ጥቀርሻ» አለ። ሰው ሳቀ። ባንተአምላክ በሩን ዘግቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ረቡዕ እንጅባራ ከሰሉን አራግፎ ቀጥታ ይመለስ ጀመር። ቅጽል ስሙ ግን ቀድሞት ከተማውን ዞረ፤ የከሰል ደንበኞቹ ሳይቀሩ «ጥቀርሻ መጣ» ይሉት እንደነበር ነኢማ ከባሏ ከሀቢብ ሰማች። ስሙን ልታስቀር አልሞከረችም። ጥፋተኛው እሱ ነው ብላ አምናለች።

አምስት ሳምንት አለፈ። ጆይስቲኮቹ ግን መሳባቸውን አላቆሙም።

ነኢማ ስትሠራ አትቸኩልም፤ ስትፈርድ ግን ቸኩላ እንደነበር የገባት እዚህ ላይ ነው። የጥገና ደብተሯን አውጥታ ከየጆይስቲኩ ቁጥር ጎን ስንት ጊዜ እንደከፈተችው አየች። አራትና አምስት ቁጥር ደጋግመው ተከፍተዋል፤ ሁለቱም ከጠረጴዛው ጫፍ ባለው ሚስማር ላይ የሚሰቀሉ ናቸው። ሁለት ቁጥር አንድም ጊዜ አልተከፈተም። ባንተአምላክ ዘወትር ይይዘው የነበረው ሁለት ቁጥርን ነው።

ይህን ካየች በኋላ ማረጋገጫ ፈለገች። ያደረገችው ቀላል ነገር ነው፤ ማንም ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። አራት ነጭ ሳህኖች ወስዳ ስስ ቫዝሊን ቀባቻቸው። አንዱን በሩ ሥር፣ አንዱን አግዳሚው ላይ፣ አንዱን ቴሌቪዥኑ አናት ላይ፣ አራተኛውን ማሽኖቹ አጠገብ አስቀመጠች። ቫዝሊን በአየር ላይ የሚንሳፈፈውን ሁሉ ይይዛል፤ ነጩ ሳህን ደግሞ ቀለሙን አይደብቅም። አንድ ሙሉ ቀን እንደተለመደው ተጫወቱ፣ እንደተለመደውም አራገቡ። ማታ ቤቱን ስትዘጋ ሳህኖቹን ጎን ለጎን ደረደረቻቸው። የበሩ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። የማሽኖቹ ጉም መስሏል።

ለማነጻጸር የከሰል ብናኝ በሌላ ሳህን ላይ ነሰነሰች። ከሰሉ ጥቁር ነው። ማሽኖቹ አጠገብ የተያዘው ግን ግራጫ ነበር። አራት ቁጥርን የከፈተች ዕለት የረገፈውም ግራጫ እንደነበር አሁን ትዝ አላት፤ አይታው ነበር፣ ልብ አላለችውም። አመድ ነው። የራሷ ምድጃ አመድ። ሰው ባራገበ ቁጥር ይነሳል፤ የማሽኖቹ ማራገቢያ አየር ሲስብ አብሮ ይገባል። ውስጥ ገብቶ የሙቀት መውጫውን ይደፍናል፤ ማሽኑም እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ሚስማር ላይ የተሰቀሉት ጆይስቲኮች ደግሞ የተሰቀሉት ልክ ከፍሙ በላይ ነው። ራስ ምታቱም በተዘጋ ቤት ከሚነድ ከሰል እንጂ ከስክሪን አልነበረም፤ ይህ ከሁሉም በላይ አስደነገጣት።

በማግስቱ ምድጃውን አወጣች። ደንበኞቿ አጉረመረሙ፤ እሷ ግን ቀጣዩን ሥራ በልቧ ጨርሳ ነበር። ጋሽ ገበየሁ የሚባሉትን አናጢ ጠርታ ማሽኖቹን የሚይዝ ቁምሳጥን አሠራች። የቁምሳጥኑ ጀርባ ከግድግዳው ጋር ገጥሞ ግድግዳው ተበሳ። በቀዳዳው ላይ ሁለት ድርብ ሆኖ የታጠፈ አሮጌ ነጠላ ተወጠረበት። አሁን ማሽኖቹ የሚስቡት አየር ከውጭ የሚመጣው ነው፣ አቧራውን ነጠላው ያስቀረዋል። ጋሽ ገበየሁ ብርድ ለማስገባት ግድግዳ የሚያስበሳ ሰው እንጅባራ ውስጥ አይቼ አላውቅም ብለው ሳቁባት። ነገር ግን ያ ጣት የሚያደነዝዘው ብርድ ለማሽን ከሁሉ የተሻለ ነገር ነው። በአንድ ሰዓት ይጠፉ የነበሩት ማሽኖች ቀኑን ሙሉ ዋሉ፣ ድምፃቸውም ጠፋ። ምድጃው ውጭ ከቆርቆሮ ዳስ ሥር ተቀመጠ፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው እጁን እዚያ አሙቆ ይገባል። ነጠላው በየሳምንቱ ይታጠባል።

ዕቃው ተስተካከለ። የቀረው ሰውየው ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ቀን አዲስ ቅዳም ሄደች። ባንተአምላክን ከከሰል ጆንያዎቹ አጠገብ አገኘችው። ያገኘችውን ሁሉ፣ ሳህኖቹን፣ አመዱን፣ የደብተሩን ቁጥር አንድ በአንድ ነገረችውና ይቅርታ ጠየቀችው። ጆንያ እየሰፋ ሰማት፤ መርፌውን አላቆመም።

«የተናገርሽው እኮ አዲስ ቅዳም አይደለም» አላት በመጨረሻ። «እንጅባራ ነው፣ ሰው ፊት።»

«ረቡዕ ና» አለችው።

እሱ ቀጣዩን ጆንያ ወደ ራሱ ሳበ። እሷም አልለመነችውም፤ የጠየቀው ትክክል ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ቆመ። አልገባም። ነኢማ ሦስቱንም ቴሌቪዥኖች አጠፋች። ሁለት ጎል ሲመራ የነበረው አበረ ምነው ምነው አለ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ደቂቃውን ጽፋ አስቀመጠችውና ሁለቱን ሳህኖች ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይሄ ጥቁሩ ከሰል ነው» አለች። «ይሄ ግራጫው ማሽኖቹ አጠገብ የተያዘው ነው። አመድ ነው፤ ከምድጃው የወጣ። ምድጃውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ባንተአምላክ የያዘው ጆይስቲክ እስከ ዛሬ አልተበላሸም። እናንተ ፊት ስሙን ያጠፋሁት እኔ ስለሆንኩ እናንተው ፊት እመልሳለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከዚያ አበረ ጉሮሮውን ጠረገ። «ታዲያ ከዛሬ ጀምሮ ጥቀርሻዋ አንቺ ነሽ ማለት ነው።»

«ነኝ» አለች ነኢማ፣ ፈገግ ሳትል።

ሳቅ ተነሳ። ባንተአምላክ አልሳቀም። ከበሩ ተነስቶ እስከ ጠረጴዛው መጣና ግራጫውን ሳህን በጣቱ ነካ። ጣቱን በጣቱ አሸው፣ አየው።

«ይሄ የዲከረንስ አመድ ነው» አለ። «ቀላል ስለሆነ ይበናል። ከሰሉማ የእኔ ነው፤ እንጅባራ የሚነደው ከየት ይመጣል ብላችሁ ነው? ያራገባችሁት ግን እናንተ ናችሁ።»

አሁን ነኢማም ሳቀች። ቴሌቪዥኖቹን መልሳ አበራች። አበረ ከአግዳሚው መሃል ወደ ዳር ተጠጋና የለቀቀውን ቦታ በእጁ መታ መታ አደረገ።

«ባንተአምላክ፣ ና ተቀመጥ» አለው።