መሳለሚያ ላይ የወረድንበት ጠዋት

ታላቅ እህቴ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ ካቃታት ቆየ። በሩ ሲዘጋ ልቧ ይደልቃል፣ እጇ ይደነዝዛል፣ «ልሞት ነው» ትላለች። ልቧን ሐኪም አይቶታል፤ ጤነኛ ነው። ጭንቀት ነው ብሎ ወደ አእምሮ ሐኪም ላካት።

ቀጠሮው የተገኘው በስንት ደጅ ጥናት ነው። የዚያን ዕለት የብርድ ልብስ ሱቄን ዘግቼ አብሬያት ወጣሁ። ታክሲያችን መሳለሚያ ሲደርስ መንገዱ ተዘጋጋ።

«አስወርደኝ» አለች ክንዴን ጨምድዳ።

«እታለም፣ ትንሽ ታገሺ፤ አሁን ይከፈታል።»

«አስወርደኝ አልኩህ! አየር አጠረኝ!»

ወረድን። ንዴቴ በእሷ ይሁን በሕመሙ አላውቅም። ሐኪም ዘንድ እንዳንደርስ ያደረገን ያው ልንታከመው የወጣነው ነገር ነው።

በእህል በረንዳ በኩል በእግር ቀጠልን። ኩንታል የተሸከሙት «ዞር በሉ!» ባሉ ቁጥር ግድግዳ ላይ ትለጠፋለች። አንዲት ምስር ሻጭ እናት በርጩማ ሰጧትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይሄ የሰው ዓይን ነው። ጸበል ውሰዳት።»

«ወስደናታል፣ እትዬ» አልኩ በአጭሩ። ምክር ሰልችቶኛል።

«የምትቆጣ ከሆነ ብቻዬን እሄዳለሁ» አለችኝ እህቴ።

«ብቻሽን ሱቅ ድረስ እንኳ ትመጪያለሽ?»

ከበርጩማው ተነስታ ቀድማኝ መንገድ ጀመረች።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ተራችን አልፏል። ካርድ ክፍል ያለው ልጅ ላይ ጮህኩበት።

«ተው፣ እሱ ምን ያድርግ?» ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ሌላ ቀጠሮ ራሷ ጠየቀች፣ ረጋ ብላ። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። እዚህ መረጋጋት ከቻለች ታክሲው ውስጥ ምን ነካት?

በሁለተኛው ቀጠሮ ማልደን በእግር ሄድን፤ ገባች። አሁን መድኃኒት ትወስዳለች፣ በየቀጠሮዋ እየሄደችም ከሐኪሟ ጋር ትነጋገራለች። በር አጠገብ ቦታ ካገኘች አጭር መንገድ ትሳፈራለች። ተሻላት እላለሁ፤ ዳነች ግን አልልም።

ባለፈው ሳምንት ገበያው ደርቶ ሳለ ደወለች። «ራጉኤል ጋ ነኝ። መሄድ አቃተኝ፣ ና።» ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብዬ እያጉረመረምኩ ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ብረት ይዛ ቆማለች።

«ተናደድክ?»

«አዎ።»

«እኔም» አለች።

ክንዷን ያዝኩና ግፊያውን እየሰነጠቅኩ ወደ ቤት ይዣት ሄድኩ።